ስሙ ሲረሳ የሚቀር ድንጋይ

እስቲ ጠጋ በሉ፤ በር ላይ የቆማችሁትም ግቡ። ዛሬ የማወጋችሁ ስለ ድንጋይና ስለ ሰው ፊት ነው። ወጉ ከላስታ፣ ከብልባላ ይነሣል፤ ባሕር ይሻገራል፤ ዘፋኝም ንጉሥም ያነሣል፤ ዞሮ ላስታ ይገባል።

ብልባላን የማታውቁ ካላችሁ፣ ከላሊበላ ወደ ሰሜን በሰቆጣው መንገድ የወጣ ሰው ያገኛታል። ከተማዋ ትንሽ ናት። በአቅራቢያዋ ግን ከዐለት የተፈለፈሉ ሁለት አብያተ ክርስቲያናት አሉ፤ ብልባላ ጊዮርጊስና ብልባላ ቂርቆስ። አባቶች ሁለቱም ከላሊበላ ይቀድማሉ፣ በአፄ ካሌብ ዘመን የተሠሩ ናቸው ይላሉ። ጊዮርጊስ ውስጥ ንብ ሰፍሯል። ማሩ ፈውስ ነው ተብሎ ስለሚታመን ሕመምተኛ ከሩቅ መጥቶ ይቀምሰዋል።

እንግዲህ «ማን አሠራው?» ብላችሁ ብትጠይቁ ስም ይነገራችኋል። «መሮውን ይዞ ዐለቱን የጠረበው እጅ የማን ነው?» ብትሉ ግን የሚመልስ የለም። ስሙን አልጻፈም። ፊቱን በበሩ ራስ ላይ አልቀረጸም። ያን ያህል ዘመን አልፎ ግን ሰው አሁንም ደፉን ይሳለማል፣ ጫማውን ያወልቃል፣ ጎንበስ ብሎ ይገባል። የሠራው ሰው ስም ጠፍቶ ሥራው አንድ ቀን እንኳ ሥራ አልፈታም። ይህን ያዙልኝ፤ ከዚህ በኋላ የምነግራችሁን ሁሉ የምመዝነው በዚሁ ነው።

አሁን ወደ ላሊበላ እንውረድ። አሥራ አንዱን አብያተ ክርስቲያናት የማያውቅ የለም፤ ግን አሠራሩን ስንቶቻችን አስበነዋል? ቤተ ጊዮርጊስን የሠሩት ሰዎች ከታች ወደ ላይ አልገነቡም። ከመሬቱ ገጽ ተነሥተው ዙሪያውን ወደ ታች ቆፈሩ። መካከል ላይ አንድ ትልቅ ቋጥኝ አስቀሩ። የቋጥኙን ውጭ በመስቀል ቅርጽ ጠረቡ፤ ከዚያ ውስጡን ፈለፈሉ። ጣሪያው ከመሬት ጋር እኩል ነው፤ ወለሉ አሥራ ሁለት ሜትር ያህል ወደ ታች ነው። የሚገነባ ሰው ቢሳሳት ድንጋዩን አውርዶ ሌላ ይተካል። የሚፈለፍል ሰው ግን አንዴ ያነሣውን አይመልሰውም። አንድ ዓምድ ቢሰበርበት ዘላለም እንደተሰበረ ይኖራል። ስለዚህ ከመሮው በፊት ሐሳቡ ማለቅ ነበረበት፤ መስኮቱ፣ ቅስቱ፣ ዓምዱ ሁሉ ገና ዐለት ሳለ በአንድ ሰው ልብ ውስጥ ቆሞ ነበር። በ1520ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የመጣው ፖርቱጋላዊ ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ያየውን ከጻፈ በኋላ አያምኑኝም ብሎ ሰግቶ ነበር። አልፈርድበትም።

ንጉሡ ላሊበላ የተቀበረው በቤተ ጎልጎታ ነው ይባላል። እናንተ እህቶቼ ወደዚያ ስለማትገቡ ልንገራችሁ። ግድግዳው ውስጥ በተቆፈሩ መቆሚያዎች የሰው ቁመት ያላቸው ቅዱሳን ከዐለቱ ወጥተው ቆመዋል። ቤተ ክርስቲያናችን ለብቻው የሚቆም ሐውልት አታውቅም፤ የእኛ ነገር ሥዕል ነው። ለዚህ ነው እነዚህ ምስሎች እንደ ብርቅ የሚታዩት። እነሱም ቢሆኑ ከግድግዳው አልተላቀቁም፤ ጀርባቸው ዛሬም ዐለት ነው። በዚያ ሁሉ ቅርጽ መካከል የንጉሡ ፊት የለም። በሥዕል የምናውቀው ላሊበላ ከእርሱ ብዙ ዘመን በኋላ ሠዓሊዎች በልባቸው ያዩት ነው። ተራራ የሚያስፈለፍል ጉልበት የነበረው ሰው አንዲት ክንድ ዐለት ለገዛ ፊቱ አላስቀረም።

አሁን ደግሞ ባሕር እንሻገር።

አሜሪካ ውስጥ ጄፍ ኩንስ የሚባል ቀራጺ አለ። በ1988 (እ.ኤ.አ.) ማይክል ጃክሰንን ከሚያሳድገው ቺምፓንዚ ጋር ቀረጸው። የቺምፓንዚው ስም ባብልስ ነው። ማይክል በአበባ ላይ ጋደም ብሏል፤ ባብልስ ጭኑ ላይ ተቀምጧል፤ ሁለቱም የወርቅ ልብስ ለብሰዋል። ፊታቸው እንደ ሲኒ የነጣ ፖርሲሊን ነው፤ ከንፈራቸው ቀልቷል። መነሻው ለማስታወቂያ የተነሣ ፎቶግራፍ ነበር። ኩንስ ሐሳቡን ሰጠ እንጂ ሸክላውን በእጁ አልነካም፤ የሠሩት የጣልያን ባለሙያዎች ናቸው። ሦስት ተመሳሳይ ቅጂ ወጣለት። በ2001 (እ.ኤ.አ.) አንዱ በጨረታ 5.6 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። የዚሁ ሰው ሌላ ሥራ፣ የልጆች አየር የተሞላ ጥንቸል መጫወቻ በሚያብረቀርቅ ብረት የተገለበጠበት፣ በ2019 (እ.ኤ.አ.) ከ91 ሚሊዮን ዶላር በላይ አወጣ። በሕይወት ያለ የጥበብ ሰው ሥራ ከዚያ በፊት በጨረታ ያን ያህል አውጥቶ አያውቅም።

ብዙ ሊቃውንት የኩንስን ሥራ የይምሰል ነው ብለው ንቀውታል፤ ብዙዎች ደግሞ የዘመናችን መስታወት ነው ብለው አሞግሰውታል። እኔ በሁለቱም አልረካም። የማይክልን አቀማመጥ አስተውሉት፤ ትልቁ ከታች ሰፍቶ፣ ትንሹ ጭን ላይ። ማይክል አንጄሎ እመቤታችንን የሞተ ልጇን ታቅፋ የቀረጸበትን ፒየታን ያስታውሳል። በዓለም ላይ የማያውቀው ሰው ያልነበረ ዘፋኝ ከጎኑ የተገኘለት ወዳጅ እንስሳ ነው። ጥቁር ሆኖ የተወለደው ልጅ ከወርቅና ከነጭ ሸክላ ተሠርቶ ተቀምጧል። ከመቶ ዓመት በኋላ ማይክል ጃክሰን ማን እንደነበር የማያውቅ ሰው ቢያየው፣ ማንነቱን ባያውቅም ብቸኝነቱን ያያል ብዬ አምናለሁ። ዋጋው አይደለም ይህን ያስገኘው። ጥንቸሉ ላይ ግን ያን አላገኘሁም፤ እሱ የሚያሳየን የገዛ ፊታችንን ነው፣ ያውም አጣሞ።

ከዚህ የሚበልጠው ወግ የጃማይካው ነው፤ እሱን ሳልቸኩል ልንገራችሁ።

ቦብ ማርሌይ በ1981 (እ.ኤ.አ.) ሞተ። የጃማይካ መንግሥት ክሪስቶፈር ጎንዛሌዝ የሚባለውን ቀራጺ ሐውልት ሥራልን አለው። ጎንዛሌዝ በነሐስ ሠራ፤ ግን ጊታር የያዘ ዘፋኝ አልሠራም። ሰውየው ከወገቡ በታች ግንድ ነው፤ እግሩ ሥር ሆኖ መሬት ይገባል። ከሥሩ የሚበቅል ሰው ነው የቀረጸው። በ1983 (እ.ኤ.አ.) ሥራው ለሕዝብ ታየ። ሕዝቡ ተቆጣ። «ይህ የእኛ ቦብ አይደለም» አለ። ተቃውሞው ስለጠነከረ ሐውልቱ ሊቆምበት ከታሰበው ቦታ ተነሥቶ ወደ ብሔራዊ የሥዕል ማዕከል ተወሰደ። በምትኩ አልቪን ማሪዮት የሚባል አንጋፋ ቀራጺ ተጠራና ጊታር የያዘ፣ ያየው ሁሉ «እሱ ነው!» የሚለው ቦብ ተሠራ። በ1985 (እ.ኤ.አ.) ኪንግስተን ውስጥ በስታዲየሙ አቅራቢያ ቆመ። ዛሬም እዚያው ነው።

ማን ትክክል ነበር? ሕዝቡን መውቀስ አይሆንልኝም። የሚወዱትን የቀበሩ ሰዎች ናቸው፤ ሐዘንተኛ መጀመሪያ የሚፈልገው የሟቹን ፊት ነው። እኛስ ለቅሶ ቤት ፎቶግራፉን ታቅፈን አይደል የምናለቅሰው? በሙሾ አውራጇ እጅ ያለው ምስል ትንሽ ቢደበዝዝ ማን ይታገሣል? ቢሆንም አሁን ብልባላ ላይ ያነሣሁትን ሚዛን አምጡልኝ። ስሙ ሲረሳ ምን ይቀራል? የማሪዮት ቦብ ጊታር የያዘ ሰው ይሆናል። የጎንዛሌዝ ቦብ ግን ከሥር የሚበቅል ሰው ነው፤ የቦብን አንድ ዘፈን ሰምቶ የማያውቅ እረኛ እንኳ ቆሞ ያየዋል። ሕዝብ ለዛሬው ሐዘን ሲጠይቅ ቀራጺው ለነገው መለሰለት፤ ሁለቱ ሳይገናኙ ቀሩ።

ቦብ ወደ እኛም መጥቷል። በ1997 ዓ.ም. ስድሳኛ የልደት በዓሉ በመስቀል አደባባይ በትልቅ ኮንሰርት ተከበረ። በ2007 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ ሐውልት ተከለችለት። ነገሩን ከሻሸመኔ ጋር አያይዙት። አፄ ኃይለ ሥላሴ እዚያ ለጥቁር ሕዝብ ወዳጆቻቸው መሬት ሰጥተዋል፤ ራስ ተፈሪያውያን ወደዚያ መጥተዋል፤ ቦብም የንጉሡን ስም በዓለም መድረክ ሁሉ ጠርቷል። ከተማችን ስታቆምለት የተቀበለችውን ፍቅር መመለሷ ነው። እዚህ ላይ ልቤ ከእሷ ጋር ነው።

ሌላም ምክንያት አለ፤ እሱን ከሞስታር ልንገራችሁ። ሞስታር በቦስኒያ በጦርነት የተከፋፈለች ከተማ ናት። የአንዱ ጀግና ለሌላው ገዳይ ነበር። በ2005 (እ.ኤ.አ.) ወጣቶች ተሰብስበው የብሩስ ሊን ሐውልት አቆሙ። አዎ፣ የኩንግ ፉውን ሰው! የማንም ወገን ስላልሆነ፣ ሁሉም በልጅነቱ በፊልም ስለወደደው ነው የመረጡት። ቂም የሌለበት ፊት ፈልገው የሩቅ አገር ተዋናይ ማግኘታቸው ያሳዝነኛል። ነገሩ ግን ይገባኛል። እኛም አገር ሐውልት ስንት ጊዜ ደም አፍልቷል! ጣልያን የምኒልክን ሐውልት ነቅሎ ቀበረ፤ ከድል በኋላ ወጥቶ ተተከለ። በደርግ ዘመን የቆመው ሌኒን በግንቦት 1983 ዓ.ም. ተገነደሰ። በሰኔ 2012 ዓ.ም. ሐዘንና ቁጣ አገሩን ሲያናውጠው፣ ሐረር ላይ የራስ መኮንን ሐውልት ወደቀ። በዚያው ሰሞን ለንደን ዊምብልደን ውስጥ ሂልዳ ሴሊግማን የተባለች ሴት ንጉሡ በስደት ሳሉ የቀረጸችው የአፄ ኃይለ ሥላሴ ምስል ተሰባበረ። ያች ሴት ቤቷን ከፍታ የተቀበለችው እንግዳ ፊት ነበር፤ እዚያ ጸጥተኛ መናፈሻ ውስጥ ማንንም ሳያስቸግር የኖረ። ቢሰባበር ማን ዳነ?

የገዢ ፊት ይህን ያህል ሲያጣላ፣ የዘፋኝና የሯጭ ፊት ሰላም የሚያመጣ ይመስላል። ስለዚህ ከተሞቻችን ወደ ዝነኛ ሰው ያዘነብላሉ። ዝነኛውን ማክበራቸው አይደለም የሚያስጨንቀኝ፤ የሚያስጨንቀኝ አሠራሩ ነው። ለበዓል ይድረስ ይባላል። ቀራጺው ሸክላውን ሳይጨርስ ሻጋታ ይወጣለታል፤ በሻጋታው ውስጥ ፋይበርግላስ ይለጠፋል፤ ነሐስ እንዲመስል ቀለም ይቀባል። ሪባን ይቆረጣል፣ ፎቶ ይነሣል። ጥቂት ክረምት ካለፈበት በኋላ ቀለሙ ይላጣል። መጀመሪያውኑ የተጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ይመስላል ወይስ አይመስልም? ይህ ጥያቄ ቀራጺን ያዋርደዋል። በ2017 (እ.ኤ.አ.) በማዴይራ የአውሮፕላን ማረፊያ የክርስቲያኖ ሮናልዶ የነሐስ ምስል ሲመረቅ ዓለም በሙሉ ሳቀበት፤ አልመሰለማ! የሠራው ኢማኑኤል ሳንቶስ የዚያው ደሴት ልጅ ነበር። በዓመቱ ሥራው ተነሥቶ ሌላ ተተካ። አዲሱ ይመስላል፤ ግን ስለሱ ያወራ ሰው ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አልሰማሁም።

ከዚህ ጋር አዲስ አበባ ያለውን የአቡነ ጴጥሮስን ሐውልት አስተያዩት። በ1928 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ ፋሺስት በአደባባይ የረሸናቸው አባት ናቸው። ለባቡሩ ግንባታ ተብሎ በ2005 ዓ.ም. ሲነሣ ስንቱ አልቅሷል! በ2008 ዓ.ም. ወደ ቦታው ሲመለስ ደግሞ ሕዝቡ በእልልታ ተቀበለው። በዚያ አደባባይ ከሚያልፈው ሰው የአቡኑን መልክ በዓይኑ ያየ ማን አለ? ይመስላሉ አይመስሉም ብሎ የተከራከረ የለም። ሰው የሚያየው አቋማቸውን ነው። ፊታቸውን ባታውቁት እንኳ ይህ ሰው እምቢ ብሎ ነው የቆመው ትላላችሁ።

አበበ ቢቂላም አለ፤ አዲስ አበባ ቅዱስ ዮሴፍ መቃብር ላይ በነሐስ ቆሟል። እኔ ግን የአበበን እውነተኛ ሐውልት ሮም ነው የማየው። ጳጉሜን 1952 ዓ.ም. በባዶ እግሩ ሲሮጥ መንገዱ ጣልያኖች ከአክሱም ነቅለው በወሰዱት ሐውልት በኩል ያልፍ ነበር። ተፎካካሪውን ጥሎ የሚያፈተልክበት ቦታ አድርጎ የመረጠው ያንን ነው። የተሰረቀው ድንጋይ ቆሞ ልጁ ሲያልፍ አየው። ዝና ከድንጋይ ጋር እንዲህ ሲገናኝ ምን ነሐስ ይስተካከለዋል? ድንጋዩም በ1997 ዓ.ም. አገሩ ገባ።

ወደ ላሊበላ ልመልሳችሁ፤ እዚያ ያለው የይምሰል ሥራ ትንሽ ነው፣ በእጅ መዳፍ ይያዛል። ከለስላሳ ድንጋይ የተቀረጸች ቤተ ጊዮርጊስ፣ ከእንጨት የተሠራ መስቀል፣ ብራና ላይ የተሳለ ትልልቅ ዓይን ያለው መልአክ። አንድ ወጣት መንገድ ላይ አስቁሞኝ፣

«ጋሼ፣ ይቺን ይውሰዱልኝ፤ ለሞራል» አለኝ።

ገለባብጬ አየኋት። መስኮቶቹ ሁሉ አሉ፤ እጁ የሠለጠነ ነው።

«ስንት ቀን ፈጀብህ?»

«ሁለት ቀን፤ አሁንማ ዓይኔን ጨፍኜም እቀርጻታለሁ።»

«ካንተ ከራስህ ልብ የወጣስ? ሌላ ነገር አልሠራህም?»

«ሠርቼ ነበር ጋሼ። የምታጠባ ፍየል። ማንም አልጠየቀኝም። እንግዳ የሚገዛው የሚያውቀውን ነው።»

የሚያውቀውን! ኩንስም፣ ጨረታውም፣ የበዓሉ ኮሚቴም የሚሉት ይኸንኑ ነው። የዚህ ልጅ ግን እንጀራ ነው። መጀመሪያ ኮሮና፣ ቀጥሎ ጦርነት እንግዳውን አጠፋበት፤ ከተማው በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ከእጅ ወደ እጅ ሲገባ ድንጋዩን የሚገዛው አልነበረም። እሱን «ቅጂ ብቻ ነው የምትሠራው» ብዬ ልወቅሰው አልችልም። ያችን ፍየል ሳላያት በመቅረቴ ግን ያንገበግበኛል።

ቅጂ የሚበዛለት ነገር አደጋም አለበት። አፍሮ አይገባን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ሰባት ኪሎ ያህል የሚመዝነው የላሊበላ የወርቅ መስቀል። በአንገት ሐብል፣ በቲሸርት፣ በሆቴል በር ላይ አለ። በመጋቢት 1989 ዓ.ም. ከቤተ መድኃኔ ዓለም ተሰረቀ። ለአንድ የቤልጅየም ሰብሳቢ በ25 ሺህ ዶላር ተሸጠ። በ1993 ዓ.ም. ተመለሰ። በጠፋባቸው ዓመታት ቅጂው በየሱቁ ሞልቶ ነበር፤ ሆኖም የላስታ ሰው አንድ ቀን «ምስሉ አለን፣ ይበቃናል» አላለም። መስቀሉን ሕመም ያለበት ሰው ይዳሰስበታል፣ ይሳለመዋል፤ ሌባውና ገዢው ያዩት ወርቁን ነው። ሲመለስ ሕዝቡ እንዴት ወጥቶ እንደተቀበለው የነበረ ይናገራል።

እንግዲህ አንድ ቀን ለብልባላ በጀት መጥቶ «አደባባይ ላይ የዝነኛ ሰው ሐውልት ይቁም» ቢባል፣ ይህን የሰማችሁ ሰዎች ምን ትላላችሁ? እኔ የምለውን ልንገራችሁ። ፋይበርግላስ የጫነ መኪና ከሩቅ እንዳይመጣ። እዚህ አገር የመፈልፈል ጥበብ አልሞተም። መቄት ውስጥ በጋሸና በኩል በእኛው ዘመን አባቶች ዳግማዊ ላሊበላ እየተባለ የሚጠራውን ቦታ በመሮና በመዶሻ ፈልፍለዋል፤ ከላይ ወደ ታች፣ እንደ ጥንቱ። ያን እጅ ጥሩ። ላሊበላ መንገድ ላይ ያለውንም ልጅ ጥሩ። ለበዓል ድረሱ አትበሏቸው፤ ቀለብ ስጧቸው፣ ዓመታት ስጧቸው። ማንን እንደሚቀርጹ ከመንገር በፊት የትኛውን ዐለት እንደሚመርጡ ጠይቋቸው። የጊዮርጊስን ካህናትም አማክሩ፤ ምን ለዐይን እንደሚቀርብና ምን በልብ እንደሚቀመጥ ከእነሱ የተሻለ የሚያውቅ የለምና። ልጁ ፍየሏን ልቅረጽ ካለም ይቅረጻት፤ ግልገሏ ከሥር ገብታ ስትጠባ የሚያያት ሰው ስሟን አይጠይቅም። የቀራጺዎቹን ስም ግን በዚህ ጊዜ በደብሩ መዝገብ ጻፉልኝ፤ የአባት ስም፣ የተወለዱበት ጎጥ፣ ሥራውን የጀመሩበትና የጨረሱበት ቀን። የፊተኞቹን አጥተናል፤ የእነዚህን የምናጣበት ምክንያት የለም።